ያሳቀንን ሰው ስናስታውስ

ጥያቄ

«ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፤ የምኖረው በዩታ ግዛት፣ በሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ ነው። እዚህ ሀገር በመጣሁ ሰሞን በሥራ ቦታ የተዋወቅኋቸው አንድ አሜሪካዊ አዛውንት በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድን፣ እነሱ ፍላይ ፊሺንግ የሚሉትን፣ አስተማሩኝ። ያስተማሩኝም ሸሪዳን አንደርሰን የተባለ የካርቱን ሠዓሊ የሠራውን፣ ዳር እስከ ዳር ሥዕል የሆነ አንድ ቀጭን መጽሐፍ በእጄ አስይዘው ነው። እንግሊዝኛዬ ገና ስላልጠና ጽሑፉን ትቼ ሥዕሉን እያየሁ ተማርሁ። አሁን እኚሁ አዛውንትና ጓደኞቻቸው፣ አብዛኞቹ የድሮ ገደል ወጪዎች ናቸው፣ ሠዓሊውን የሚያስታውሱበት ምሽት እያዘጋጁ ነው፤ እኔም ለዐሥር ደቂቃ እንድናገር ጠይቀውኛል። እሺ ብያለሁ፤ ግን ጭንቅ ይዞኛል። ሰውየውን በዓይኔ አላየሁትም። የማውቀው የመታሰቢያ ንግግር በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ብቻ ነው። ካርቱኖቹም በታወቁ ሰዎች ላይ የሚያሾፉ ናቸው፤ ከተሾፈባቸው መካከል የሞቱ አሉ፣ አድናቂዎቻቸውም አዳራሹ ውስጥ ይቀመጣሉ። ባለቤቴ ደግሞ ‹በሙት መታሰቢያ ላይ ሰው ማሳቅ ነውር ነው› ትለኛለች። ምን ልበል? በማግሥቱ ጠዋትም ጀማሪዎችን ወደ ፕሮቮ ወንዝ ይዤ ለመውረድ አስቤያለሁ።»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ስላላዩት ሰው መናገር አይገባኝም ብለው መስጋትዎ ከትሕትና የመጣ ነው፤ እኔ ግን አዘጋጆቹ እርስዎን የመረጡት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ሸሪዳን አንደርሰን እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1936 ተወልዶ በ1984 ያረፈ ሰው ነው። አብረውት ገደል የወጡና እሳት ዳር የተቀመጡ ሰዎች ዛሬ በእጅጉ አርጅተዋል፤ ስለ ድምፁ፣ ስለ አነጋገሩ፣ ስለ ጓደኝነቱ እነሱ ይናገራሉ፣ ሊናገሩም ይገባል። እነሱ ሊመሰክሩት የማይችሉት ነገር በእርስዎ እጅ ነው ያለው፦ ሠዓሊው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከሌላ አህጉር የመጣና ቋንቋውን ገና የሚማር ሰው ገጹን ገልጦ፣ ሥዕሉን አይቶ፣ ወንዝ ወርዶ ዓሣ ያዘ። ለአንድ ሠዓሊ ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት አላውቅም። ስለዚህ ዐሥሩን ደቂቃ ሰውየውን ለመግለጽ አይጠቀሙበት፤ ሥራው በእርስዎ ላይ ምን እንዳደረገ ለማሳየት ይጠቀሙበት። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የዚሁ ምክር ዝርዝር ነው።

የሕይወት ታሪክ ንባቡን፣ ወረቀት ላይ መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት፣ እንዲተዉት አጥብቄ እመክርዎታለሁ። አቀራረቡን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በዚህ ዓመት በዚህ ቦታ ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደ ደረሰ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በዚህን ያህል ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ፤ ሰው አክባሪ፣ ደግና ተጫዋች ነበሩ። በቀብር ቦታ ይህ ንባብ የራሱ አገልግሎት አለው፤ ቀባሪው ሁሉ ሟቹን አያውቅምና ያስተዋውቀዋል፣ ለቤተሰቡም ክብር ነው። ችግሩ ስሙን ብቻ ቢለውጡት ለማንም ሰው የሚሆን መሆኑ ነው። የካርቱን ሠዓሊ ሙያ ደግሞ አንዱን ሰው ከሌላው በአፍንጫው መስመር፣ በባርኔጣው አደፋፍ፣ በትከሻው አጣጣል መለየት ነው። ዕድሜውን ሰውን ሲለይ የኖረን ሠዓሊ ማንንም በማይለይ ቃል ማስታወስ ሥራውን እንዳላዩት ያስቆጥራል።

አዲስ ነገር ለመፍጠር ግን አይገደዱም፤ የራሳችን የቆየ ልማድ የተሻለ መንገድ ያሳየናል። በቀደመው ዘመን በታላላቅ ሰዎች ለቅሶ ላይ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ፣ ካባውና ጠመንጃው ወጥቶ በለቀስተኛው መካከል ይዞር ነበር፤ ሙሾ አውራጇም «ደግ ነበር» ብላ አታልፍም፤ የተሻገረውን ወንዝ፣ የገደለውን አውሬ፣ ያበላውን እንግዳ በስም እየጠራች ታስለቅስ ነበር። ሕዝቡ ሟቹን በዕቃውና በሥራው ያየው ነበር ማለት ነው። እርስዎም በሶልት ሌክ ሲቲው አዳራሽ ይህንኑ ያድርጉ፤ የሸሪዳን አንደርሰን ጋሻና ጦር ብዕሩ የሠራቸው ገጾች ናቸውና እነሱን ያውጧቸው።

የትኛውን ገጽ ላውጣ ቢሉኝ፣ መነሻዎ በእጅዎ ያለው መጽሐፍ ይሁን። «ዘ ከርቲስ ክሪክ ማኒፌስቶ» በ1978 በኦሪገን ግዛት በፍራንክ አማቶ አሳታሚነት የወጣ፣ ከ50 ገጽ የማይበልጥ፣ ጽሑፉ ሳይቀር በሠዓሊው እጅ የተጻፈ የካርቱን መጽሐፍ ነው። ፍላይ ፊሺንግን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ወፍራምና ክብደት ያላቸው፣ ጀማሪን በላቲን የነፍሳት ስምና በመሣሪያ ዝርዝር የሚያስደነግጡ ናቸው። ይህ ቀጭን መጽሐፍ ዛሬም እየታተመ፣ የቆዩ አጥማጆች ለጀማሪ ልጅና ለጀማሪ ጓደኛ የሚሰጡት የመጀመሪያ ስጦታ ሆኖ መቆየቱ በአጋጣሚ አይደለም። ሠዓሊው አጥማጅ ነበር፤ ጀማሪ የት ላይ እንደሚሳሳት ያውቃል፣ ስሕተቱንም አስቂኝ አድርጎ ስለሚስለው አንባቢው እየሳቀ ራሱን ያርማል።

እዚህ ላይ በጥቅሉ «ብዙ ተማርሁበት» ብለው እንዳያልፉት እለምንዎታለሁ። አንድ ትምህርት ብቻ ይምረጡና እስከ መጨረሻው ያስረዱት። እኔ ብሆን የምመርጠው ወደ ወንዙ አቀራረብን ነው፤ መጽሐፉም አብዝቶ የሚለፋበት ጉዳይ ስለ ሆነ። ትራውት የተባለው ዓሣ ምግቡ ከላይ ከወራጁ ውኃ ጋር ስለሚመጣለት ራሱን ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ ይቆማል። ስለዚህ ከኋላው፣ ማለትም ከወንዙ መውረጃ በኩል ወደ ላይ የሚቀርበውን ሰው በቀላሉ አያየውም። ከውኃው በላይ ያለውን ዓለም የሚያየውም ብርሃን ውኃ ውስጥ ሲገባ በመታጠፉ ምክንያት፣ ከራሱ በላይ ባለች፣ ወደ 97 ዲግሪ በምትሰፋ ክብ መስኮት በኩል ብቻ ነው። ከዚያች መስኮት ውጪ ያለው የውኃ ገጽ እንደ መስተዋት የወንዙን ወለል መልሶ ያሳየዋል። ዳር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው መስኮቷ ውስጥ ይገባል፤ ጎንበስ ብሎ ወይም ተንበርክኮ የሚቀርብ ሰው ግን ከመስኮቷ ጠርዝ በታች ተጣብቆ የማይታወቅ ቅርጽ ይሆናል። ዓሣው በጎኑ ላይ ባለው የስሜት መስመር የውኃ ንዝረትን ይለያልና በከባድ እርምጃ ውኃውን የሚያናውጥ ሰውም ራሱን ያስታውቃል።

ይህን ሁሉ እኔ አንድ ሙሉ አንቀጽ ወስዶብኝ ጻፍሁት። አንደርሰን የሚያስረዳው አንድ ሰው ጉልበቱንና ክርኑን መሬት አስነክቶ፣ ሣር ውስጥ እየተሳበ ወደ ውኃው ሲጠጋ በመሳል ነው። አንባቢው ሰውየውን አይቶ ይስቃል፤ ወንዝ ሲደርስ ደግሞ ሳይታወቀው ራሱ ይንበረከካል። እርስዎም ያጋጠመዎት ይኸው ከሆነ፣ ያንን ገጽ ከፍተው ለታዳሚው ያሳዩ፣ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ የተንበረከኩበትን ወንዝ በስሙ ጠርተው ምን እንደ ሆነ ይንገሩ። ፕሮቮ ወንዝ ከሆነ ፕሮቮ ይበሉ፤ ዌበር ከሆነም ዌበር ይበሉ። ዩታ ለእሱም ባዳ አልነበረችም፤ ያደገው እርስዎ በሚኖሩበት አካባቢ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሰዎችም እነዚያን ወንዞች ያውቋቸዋልና ስሙን ሲሰሙ ከእርስዎ ጋር ይወርዳሉ። (ትራውት ለእኛም ባዳ አይደለም፤ በባሌ ተራሮች፣ በዲንሾ አካባቢ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ከውጭ መጥቶ ተለቅቆ ይኖራል። ለታዳሚዎቹ ይህን ቢነግሯቸው በጣም ደስ ይላቸዋል፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት አይመስለኝም።)

የእንግሊዝኛዎን ነገር ከእነዚህ ሰዎች አይሸሽጓቸው። ጽሑፉን ሳያነቡ መማርዎ ሥዕሉ ምን ያህል ጥርት ያለ እንደ ሆነ የሚያሳይ ነው። የሚያስተምር ሥዕል መሥራት ከሚያስቅ ሥዕል መሥራት ይልቅ ከባድ ነው፤ አንድ የክር ቋጠሮ በአራት ሥዕል ሲገለጽ አንዷ መስመር ብትሳሳት ቋጠሮው ይፈታል፣ ዓሣውም ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ያገናኘ ሰው ከስንት አንድ ነው። ይህን ቃል በቃል ይበሉት፤ አድናቆት የሚሆነው እንዲህ ተለይቶ ሲነገር ነው።

አሁን ይበልጥ ወዳስጨነቀዎት ጉዳይ፣ ወደ ፌዙ ልምጣ። ለዚህ የዘመኑን መንፈስ ማወቅ ያስፈልግዎታል፤ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸውና።

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ሸለቆ ውስጥ «ካምፕ 4» በሚባል አቧራማ የድንኳን ሰፈር የከተሙ ጥቂት ወጣቶች በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ያልተሞከረ ነገር ይሠሩ ነበር። ሮያል ሮቢንስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በ1957 ሃፍ ዶም የተባለውን ቋጥኝ በሰሜን ምዕራብ ገጹ፣ 600 ሜትር በሚያህለው ቀጥ ያለ ግድግዳ በኩል ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ዋረን ሃርዲንግና ጓደኞቹ ኤል ካፒታንን፣ 900 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የግራናይት ገደል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፉት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ የሚወጣውን ትቶ ወደ አወጣጡ ዞረ። ቋጥኝ መብሳትና ቦልት፣ ማለትም ገመድ የሚታሰርበትን የብረት ችካል፣ መትከል ምን ያህል ይፈቀዳል? ብረት እየመቱ ድንጋዩን ማቁሰል ተገቢ ነው? በ1970 ሃርዲንግና ዲን ካልድዌል ኤል ካፒታን ላይ 27 ቀን ቆይተው፣ ብዙ ቦልትና ሪቬት የሚባል አነስ ያለ ችካል ተክለው አዲስ መንገድ ሲያወጡ፣ ሮቢንስ በ1971 መጀመሪያ ያንኑ መንገድ እየወጣ ቦልቶቹን ነቃቅሎ ሊያጠፋው ተነሣ፤ ጥቂት እንደ ሄደም የወጪዎቹን ችሎታ አይቶ መንቀሉን ተወ። ነገሩ ከውጭ ለሚያየው የጥቂት ችካሎች ጉዳይ ነው፤ ለእነሱ ግን የሃይማኖት ክርክርን ያህል የከረረ ነበር፤ ሰው ከሰው ይኳረፍበት ነበር።

ሸሪዳን አንደርሰን የሚስለው ለእነዚህ ሰዎችና በእነዚህ ሰዎች ላይ ነበር። ካርቱኖቹ ጂን ክሬንሾውና ሄለን ኪልነስ የተባሉ ሁለት ሴቶች በ1955 በካሊፎርኒያ ባቋቋሙት «ሰሚት» በተባለው የተራራ መጽሔት ላይ ለዓመታት ወጥተዋል። የፌዙም ዋና ባለ ጉዳይ ራሱ ሮያል ሮቢንስ ነበር፦ ባርኔጣው፣ መነጽሩ፣ ጢሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁም ነገረኛነቱ። በዘመኑ ከሁሉ የላቀ ተራራ ወጪ የነበረውን፣ ስለ ሥነ ምግባር በጽኑ የሚጽፈውን ሰው አንደርሰን ደጋግሞ እየሳለ ሳቀበት፣ አሳቀበትም።

ታዲያ ሮቢንስ ምን አደረገ? በ1971 ለጀማሪዎች ገደል አወጣጥን የሚያስተምረውን «ቤሲክ ሮክክራፍት» የተባለውን መጽሐፉን ሲያሳትም፣ ሥዕሉን እንዲሠራለት የመረጠው ይህንኑ የሚያሾፍበትን ሠዓሊ ነው። በ1973 ተከታዩን «አድቫንስድ ሮክክራፍት»ን ሲያወጣም አልለወጠውም። የሰውን ሕይወት የሚያህል ነገር፣ ገመድ እንዴት እንደሚታሰርና ወጪው ቢወድቅ ባልደረባው እንዴት እንደሚይዘው የሚያስረዳ ሥዕል፣ ለእሱ አደራ ሰጠው። ሮቢንስ በ2017 አርፏል፤ አድናቂዎቹም እንዳሉት አዳራሹ ውስጥ ይኖራሉ። ማንም ቅር እንዳይለው ከፈለጉ ይህን ታሪክ ከካርቱኑ አስቀድመው ይናገሩ፣ ከተቻለም ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳዩ፦ በአንድ በኩል የሚያሾፍበትን ሥዕል፣ በሌላ በኩል ከሮቢንስ መጽሐፍ አንድ ገጽ። ከዚያ በኋላ ፌዙ ከጥላቻ አለመምጣቱን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ የተሾፈበት ሰው ራሱ መልሱን ሰጥቶበታል።

እንደ እኔ አስተያየት፣ አንደርሰን ለዚያ ማኅበረሰብ ካደረገው ውለታ ትልቁ ይኸው ነው። ሰዎች ከድንጋይ ጋር እየታገሉ ራሳቸውን ከፍ አድርገው ማየት በጀመሩበት ሰዓት፣ ውጭ ካለ ሰው ቢመጣ ስድብ የሚሆንባቸውን ነገር እሱ አብሯቸው እሳት እየሞቀ ነገራቸው። ገመዳቸውን፣ ፍርሃታቸውን፣ ድንኳናቸውን ስለሚያውቅ የሚስለው ጉድለት እውነተኛ ጉድለት ነበር፤ ስለዚህ ራሳቸውን አይተው ሳቁ። የኮረፈውም ሰው ቢኖር ሥዕሉን ቆርጦ አላስቀመጠም አልልም። አጥማጆችንም ያስተናገዳቸው በዚሁ ዓይን ነው፤ በውድ መሣሪያ ተሞልቶ ዓሣውን የሚያባርር ሰው በእሱ ብዕር ሥር ምሕረት አያገኝም፣ ተንበርክኮ የሚቀርበው ምስኪን ጀማሪ ግን በመጨረሻ ይሳካለታል።

ለባለቤትዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽሁ፣ በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር አልስማማም። የሚያሳስባቸው ነገር እውነት ነው፤ ሐዘኑ ትኩስ በሆነበት ቤት፣ እናት ደረት በምትመታበት ሰዓት የሚያሳቅ ሰው ነውረኛ ነው። ነገር ግን ይህ ምሽት ለቅሶ አይደለም፣ ሰውየው ካረፈ አራት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ከእኛ ልማድ ጋር ካስተያየነው ለሙት ዓመት ወይም ለተዝካር ይቀርባል፤ እዚያ ደግሞ ሰው በልቶ ጠጥቶ የሟቹን ጨዋታ እያነሣ ይስቃል፣ ይህንንም እንደ ነውር የሚቆጥር የለም። ለቅሶ ቤትም ቢሆን ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱትና የሟቹን ቀልድ የሚያወሩት ሰዎች ሐዘንተኛውን እንደሚያጽናኑ ባለቤትዎ ያውቃሉ። በሕይወቱ ሙሉ ሰውን ሲያስቅ የኖረን ሰው ሥዕሎቹ በተዘረጉበት አዳራሽ ፊታችንን አጥቁረን ብንሰማው፣ ያከበርነው እየመሰለን ዝም እናሰኘዋለን። ባለቤትዎን ምሽቱ ላይ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚስቁና በሳቁ መካከል ዓይናቸው እንዴት እንደሚሞላ ሲያዩ የእኔ ክርክር አያስፈልግዎትም።

ስለ ሰውየው የግል ሕይወት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥዎት። እሳት ዳር የተወለደ ወሬ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ያድጋል፤ ስለ አንደርሰንም ብዙ ይወራል። ያላዩትንና ያልሰሙትን፣ ከመነሻው ሰው አፍ ያልወጣውን ታሪክ እርስዎ አይናገሩት። ሌላው ቢናገረው የእሱ ኃላፊነት ነው። ለማመሳከር ከፈለጉ፣ የአሜሪካ አልፓይን ክለብ ከ1929 ጀምሮ የሚያሳትመው ዓመታዊ መጽሔት ላረፉ ተራራ ወጪዎች መታሰቢያ የሚወጣበት ክፍል አለው፣ የቆዩ ዕትሞቹም በነፃ ይነበባሉ። የክለቡ ቤተ መጻሕፍት በኮሎራዶ፣ በጎልደን ከተማ ይገኛል፤ የድሮ ተራራ መጽሔቶችን ሲፈልጉ ሊጠይቁት የሚገባው ቦታ እሱ ነው። ተራራ ወጪውና ጸሐፊው ጆ ኬልሲ የአንደርሰንን የገደል ካርቱኖች ሰብስቦ ያሳተመው መጽሐፍም አለ፤ ምናልባት ያስተማሩዎት አዛውንት መደርደሪያ ላይ ይኖራል። አንደርሰን ስለ ከርቲስ ክሪክ ብቻ አልጻፈም፤ ባሮን ቮን ሜብል በሚል ስም የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ሻንጣ ተሸክሞ የተራራ ጉዞን የሚያስተምርበት ሌላ መጽሐፍም አለው። እሱንም ቢያገኙት መልካም ነው፤ ለዐሥር ደቂቃ ግን አንድ መጽሐፍ ይበቃል።

ከንግግርዎ በላይ የሚጠቅም አንድ ሥራ ልጨምርብዎ ነው። በዚያ ምሽት ሽማግሌዎቹ ስለ አንደርሰን የሚናገሩት ነገር በማግሥቱ ከአዳራሹ ጋር ተዘግቶ እንዳይቀር፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው በስልክዎ ይቅዱት። ከመድረክ ላይ ንግግሩ በፊትና በኋላም፣ በተለይ ያስተማሩዎትን አዛውንት፣ ለብቻቸው ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው። «እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብለው አይጠይቁ፤ እንዲህ ላለው ጥያቄ መልሱ «ደግ ነበር» ነው፣ የሸሸነው የሕይወት ታሪክ ተመልሶ ይመጣል። ይልቅ ሥዕሉን ከፊታቸው አስቀምጠው «ይህ ማን ነው? ይህን ሲያይ ምን አለ? የት ተቀምጦ ነበር የሚስለው? በምን ዓይነት ብዕር?» ይበሏቸው። ካርቱን የተሳለበት ጉዳይ ከተረሳ ሳቁም አብሮ ይረሳል፤ በ1960ዎቹ መጽሔት ላይ ካምፕ 4ን ያንቀጠቀጠ ቀልድ ዛሬ ለወጣት ወጪ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፣ ማብራሪያውን የሚያውቁት ሰዎችም በየዓመቱ እያነሱ ነው። ካምፕ 4 ራሱ በ2003 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ድንኳን የተተከለበት መሬት እንዲህ ከተጠበቀ፣ እዚያ የተሳቀው ሳቅም ሊጠበቅ ይገባዋል። የሰበሰቡትን ቅጂ በዮሰሚቲ አጠገብ በማሪፖሳ ከተማ ያለው የገደል ወጪዎች ሙዚየም ወይም በቨርሞንት ግዛት በማንቸስተር ያለው የአሜሪካ የፍላይ ፊሺንግ ሙዚየም ይቀበል እንደ ሆነ ጽፈው ይጠይቁ። አንዱ ወይም ሌላው «እኛን የሚመለከተው ግማሹ ብቻ ነው» ሊል ይችላል፤ ሰውየው በሁለቱም ቤት የሚኖር ነበርና ቅጂውን ለሁለቱም መላክ ይሻላል።

አቀራረቡን በተመለከተ፣ ንግግርዎን በሙሉ ወረቀት ላይ ጽፈው አያንብቡ። ሦስት ገጽ ምልክት አድርገውባቸው ይግቡ፦ ወደ ወንዙ የሚሳበውን ሰው፣ ሮቢንስ ላይ የሚያሾፈውን ካርቱን፣ ከሮቢንስ መጽሐፍ አንዱን ሥዕል። ገጹን ሲያሳዩ ዝም ይበሉ፤ ሰው ሥዕሉን እያየ ንግግር አይሰማም፣ ሳቁም የሚመጣው በራሱ ጊዜ ነው። ሳቁ ሲያበቃ ያዩትን ይናገሩና ወደሚቀጥለው ይሂዱ። ገጹ ለሩቅ ተቀማጭ እንዲታይ በግድግዳ ላይ የሚያሳይ ካሜራ አዘጋጆቹ ካላቸው ይጠይቁ፤ ነገር ግን ሥራዎቹ ገና በቅጂ መብት የተጠበቁ ናቸውና ባለመብቶቹን ሳያስፈቅዱ አባዝቶ ማደልን፣ ካናቴራ ላይ ማተምን ወይም ኢንተርኔት ላይ መልቀቅን አዘጋጆቹ ካሰቡ ይከልክሏቸው። ለማኒፌስቶው አሳታሚው ስለሚታወቅ አሁኑኑ መጻፍ ይቻላል፤ በብዕሩ የኖረን ሰው ለማክበር ተሰብስቦ ብዕሩ የሠራውን ሳያስፈቅዱ መውሰድ አይገጥምም።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ጀማሪዎችን በማግሥቱ ጠዋት ወደ ፕሮቮ ወንዝ ይዘው ለመውረድ ማሰብዎን ጠቅሰዋል። ሐሳቡን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ለዚህ ሰው ከንግግር የበለጠ መታሰቢያ ነው ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉን አንድ ቅጂ ይያዙ፣ ከወንዙ መውረጃ በኩል ወደ ላይ ይምሯቸው፣ የሚንበረከኩበትን ቦታ አስቀድመው ይምረጡ። በዩታ ዕድሜው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በፕሮቮ ወንዝ አንዳንድ ክፍሎችም በሰው ሠራሽ ዝንብና ማባበያ ካልሆነ በትል ማጥመድ ክልክል ነው። እንግዶችዎ ፈቃዱን በዋዜማው ገዝተው እንዲመጡ በምሽቱ ፕሮግራም ላይ ያስነግሩ።